ዜና የቆረጠው ዘፈን

ጁባ፣ ቡሉክ
ጥር 2003 ዓ.ም.

ውድ ሲና፣

ሰውየው መጥቷል።

ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ ደብዳቤውን ገና ስትከፍቺው ማወቅ ያለብሽ እሱን ስለሆነ ነው። በድሉ ጁባ ነው። ጀበል ሰፈር፣ ረታ ሆቴል አርፏል። የገባ የወጣውን ሁሉ የት እንደሄድሽ ይጠይቃል። ትናንት እኔም ጋ መጥቶ ነበር። የተባባልነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሻለሁ።

ስልክሽ ዝግ ነው። የካምፓላው አውቶቡስ ሾፌር ደህና መሆንሽንና የምትኖሪበትን ሰፈር ስለነገረኝ፣ ይህን በእሱ እጅ እልካለሁ። አንድ ገጽ ጽፌ እጨርሳለሁ ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ እንዲህ ስነሣና ስቀመጥ ዋልኩ። ወደ ጓዳ እሄዳለሁ፣ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። የወንድሜ ልጅ ሮዳስ ታውቂያት የለ፣ "አክስቴ፣ ወንበሩ እሾህ አለበት እንዴ?" ትለኛለች።

እረፍት የነሳኝ ይኸውልሽ። ከጁባ የሄድሽው እኔ በነገርኩሽ ሁለት ስንኝ ምክንያት ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ የዚህ ሰው መምጣት አንቺን ብቻ ሳይሆን እኔንም ይመለከተኛል። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምረው።

ስለ አንቺ የሰማሁት ከሮዳስ ነው። ምግብ ቤታችን የሚመላለስ አንድ ደንበኛ ነግሯት፣ እየሳቀች ጓዳ ገባች።

"አክስቴ፣ ጀበል ትዘፍኛለሽ አሉ!"

"ማን?"

"አንቺ ነሻ። ወርቅውሃ ተገኝ፣ የድሮዋ የሬዲዮ ዘፋኝ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ረታ ሆቴል። ደግሞ ጥርስሽ ነጭ፣ ወገብሽ ቀጭን ነው አሉ።"

"ጥርሴስ ድሮም ነጭ ነበር" አልኳት።

ጁባ ውስጥ ማን እንደሆንኩ የምታውቀው ሮዳስ ብቻ ነበረች። እኔም ደብቄ አልነበረም፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በእኛ ጊዜ የሬዲዮ ዘፋኝ መልክ አልነበራትም። ፎቶዬ ያለበት ሸክላም ካሴትም ወጥቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ዘፈኔ ሲሰማ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "እግርሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ" ብላኛለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ተነሥታ እኔ ነኝ ብትል፣ አይደለሽም የሚላት ማን ነው?

እሁዱን በቦዳ ቦዳ ሞተር ጀበል ሄድኩ። ልጣላሽ አልነበረም። ግን ላንቺ መደበቅ ምን ያደርግልኛል፣ መንገዱን ሙሉ "ብቻ ድምፅዋ ሻካራ ይሁን" እያልኩ ነበር።

ግቢው ሞልቶ ነበር። የድንጋይ መኪኖቹ አቧራ፣ ከኮንቴይነር የተሠሩት ክፍሎች፣ ከጀርባ የሚያጓራው ጄኔሬተር፣ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከኋላ አንድ ፕላስቲክ ወንበር አገኘሁ። አጠገቤ አንድ ሾፌር ተቀምጧል።

"እማማ፣ መሐረብ ይዘዋል?" አለኝ።

"ለምኑ?"

"ስትዘፍን ያስፈልግዎታል። እዚህ ሁሉም ያለቅሳል። ባለፈው እሁድ እኔ አልቅሼ አልቅሼ አዲስ አበባ ለሚስቴ ደወልኩላት።"

"ደስ አላት?"

"ጠጥተሃል ብላ ዘጋችብኝ።"

"ወርቅውሃ ተገኝ እኮ እኔ ነኝ" አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ልክ ነዎት እማማ" አለኝ በትሕትና፤ "እኔም አምባሳደሩ ነኝ፤ ለእረፍት ነው የመጣሁት።"

ከዚያ አንቺ ወጣሽ። የዓለም ሴት ሁሉ ዕድሜዋን ስትቀንስ አንቺ ጨምረሽ አየሁሽ። ሽበት እንዲመስል ጸጉርሽ ላይ ዱቄት ነስንሰሽ ነበር፤ ላቡ ሲመጣ በግንባርሽ በኩል ሊጥ ሆኖ ወረደ። ቤተ መንግሥት ተጠርተሽ የወርቅ ተረከዝ ባለው ጫማ እንደዘፈንሽ ተናገርሽ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የገዛ ሕይወቴን እንደዚያ አምሮ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀጥለሽ ጀመርሽው።

ከወንዙ ማዶ ላይ መብራት አይቻለሁ፤
ያንተ ነው እያልኩኝ ደጅ ላይ ቆሜያለሁ።

ዝናቡም አባራ፣ መንገዱም ደረቀ፤
ዓይኔ ካንተ መንገድ መቼ ተላቀቀ።

ድምፅሽ ሻካራ አልነበረም። ሾፌሩ መሐረቡን አወጣ። ሁለተኛውን እንደጨረስሽ መልሰሽ ከላይ የምትደግሚው መስለሽ ጀመርሽና፣ ድምፅሽን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አድርገሽ አጠፋሽው። ሰዉ ሁሉ በአንድ ላይ "ጲ! ጲ! ጲ! ጲይይ!" ብሎ የሰዓቱን ምልክት ጮኸ። አንዱ በአንባቢ ድምፅ "አሁን ዜና እናሰማለን" አለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

የዚያን ቀን ለምን እንዳልሳቅሁ ጠይቀሽኝ፣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። ዘፈኑ እንዲያ እየከሰመ አያልቅም ነበር፣ ሲና። ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው የሬዲዮ ጣቢያው ቴክኒሻን ነው፤ ዜና ሲደርስበት። አንቺ ዘፈኑን ስትማሪ የቴክኒሻኑንም እጅ አብረሽ ተምረሽዋል።

ጀበል ላይ ሕይወቴን በየሳምንቱ ስለነገርሽልኝ፣ እኔም አንድ ጊዜ እንደነበረው ልንገርሽ።

አዲስ አበባ የሄድኩት ድሬሰር ልሆን ነበር። ሬዲዮው የጤና ፕሮግራም ስለነበረው፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል አጭር ዜማ የምታሰማ ልጅ ፈለጉና አስተማሪያችን እኔን ላከችኝ። ስሜን ስነግራቸው ስቱዲዮው በሳቅ ሞላ፤ ወርቅውሃ ስለ ውሃ ልትዘፍን መጣች አሉ። በሬዲዮ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል "ይንተክተክ" ነው። አኮርዲዮን የሚጫወተው አክሊል "የውሃዋ ልጅ ትቆይ" አለ፤ ቆየሁ። ከድሬሰርነቱ የቀረኝ ቁስል ማሰር ብቻ ነው።

ስቱዲዮው መስኮት አልነበረውም። ግድግዳው በጨርቅ ተለብጧል። ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ መለከት ነፊዎቹ እንዳይበረቱብኝ ከኋላ ሆነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይነፋሉ። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ሲረግጡት ይጮኻል፤ ስለዚህ ሁላችንም በር ላይ ጫማችንን እናወልቃለን። ቀይዋ መብራት ከበራች ማሳል የለም፣ ወረቀት ማገላበጥ የለም። የወርቅ ተረከዝ ያልሽው ይኸውልሽ፣ አውራ ጣቱ ጋ የተሰፋ ካልሲ ነበር። ቤተ መንግሥትም በሩን አላውቀውም። እኔ የዘፈንኩት ለአንዲት ቀይ መብራት ነው።

"የማዶ መብራት"ን አክሊል ሲደርሰው ሦስት ክፍል ነበረው። ሬዲዮው ደግሞ ከምሽቱ ዜና በፊት ያለችውን ትርፍ ሰዓት መሙያ አደረገው። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ሰዓቱ ይደርሳል፤ ቴክኒሻኑ ድምፁን ይቀንሳል። ሁልጊዜ። አክሊል ለኃላፊው አመለከተ። "አጭር ዘፈን ድረስ" አሉት። ሰው ሁሉ ዘፈኑን ተቆርጦ ሰማው፣ ተቆርጦ ወደደው። ባሏ የዘመተባት፣ ልጇ የጠፋባት፣ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የራሱ አደረገው። "እኅቴ አይዞሽ፣ ይመጣል" የሚል ደብዳቤ ከየአውራጃው ይጎርፍልኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰርግ ላይ፣ ሦስተኛውን ክፍል ጨምሬ ዘፈንኩ። ጭብጨባው ቆመ። የሙሽራው አጎት ተነሥቶ "ምን ነካት? ዘፈኑን አበላሸችው እኮ!" አለ። ጠጥታለች የሚሉም ነበሩ። ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም።

ባሌ ያገባው ዘፈኑን ነው። የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ሥራ እያለ ይሄዳል፣ በዚያው ይቀራል። ሲመለስ "ደጅ ላይ እንደምትቆሚ አውቅ ነበር" ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ። በመጨረሻ ብዙ ቆየ። ሌላ ቤት እንደሠራ፣ ልጅም እንደወለደ ሰምቼ ነበር። አንድ ቀን ከነሻንጣው መጥቶ "እየጠበቅሽኝ እንደሆነ አውቅ ነበር" አለኝ፤ ከፈትኩለት። ለምን እንደከፈትኩለት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሦስተኛውን ክፍል ነግሬው አላውቅም። እሱም የዜና ሰው ነበር፤ ምልክቱ ሲሰማ ነበር ጆሮውን ወደ ሬዲዮው የሚያቀርበው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ኦርኬስትራው ተበተነ። የመቅጃ ክር ውድ ስለነበር በዘፈኖቻችን ላይ ንግግር ተቀዳባቸው፤ የእኔም አብሮ ጠፋ። አክሊል አረፈ። ባሌም አረፈ። እንቅርቴን ቀደው ሲያወጡልኝ ድምፄ አብሮ ወጣ። ሮዳስ ጁባ ምግብ ቤት ስትከፍት "ለጥቂት ጊዜ አግዢኝ" ብላ አመጣችኝ፤ ይኸው አለሁ። የሬዲዮ ዘፋኟ ወርቅውሃ ሕይወት ይህ ነው። ዘፈኑ የቀረው በሰው አፍ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ከላይና ከመካከሉ።

የዚያን እሁድ ዘፍነሽ ስትጨርሺ ጠጋ አልኩሽ። አንቺ ፎቶ የምነሣ መስሎሽ ትከሻዬን አቀፍሽኝ። ስሜን ነገርኩሽ። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ ያልሰማሽኝ መስሎኝ ልደግመው ስል፣ ክንዴን ይዘሽ ከኮንቴይነሩ ጀርባ ወሰድሽኝ።

"ሞተዋል ብለውኝ ነበር" አልሽኝ።

"አልሞትኩም፤ ቡሉክ ነኝ።"

ሳቅ አፈነሽ። ከዚያ አለቀስሽ። ከዚያ በነጠላሽ ዱቄቱን ከግንባርሽ እየጠረግሽ ነገርሽኝ። ረታ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ነበርሽ። እያንጎራጎርሽ ስታጥቢ ባለቤቱ ረታ በመስኮት ብቅ ብሎ "የማን ነው?" አለሽ። "የወርቅውሃ ተገኝ ነው" አልሽው። በዚያ ጩኸት መሐል እሱ የሰማው "ወርቅውሃ ተገኝ ነኝ" ነው። እሁዱን ወንበር ደርድሮ፣ ሰው ጠርቶ ጠበቀሽ።

"አይደለሁም ማለት ነበረብሽ" አልኩሽ።

"እትዬ ወርቅዬ፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሰው ብርጭቆ አጥበው ያውቃሉ?"

ስለ በድሉም ያን ዕለት ነው የነገርሽኝ። ነዳጅ ጭኖ ወደ ሩምቤክ ሲሄድ "ዝናቡ ሲያበቃ እመጣለሁ" ብሎሽ ነበር። ዝናቡ አብቅቶ፣ እንደገና ዘንቦ፣ እንደገና አብቅቷል። በሩ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጪው የሚገባውን ቦቴ ሁሉ ለማየት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ስምሽን ቀይረሽ ሰው ትጠብቂያለሽ?" አልኩሽ። "ሲና ብሎ ቢጠይቅ ማን ያውቅሻል?"

"ድምፄን ያውቃል" አልሽኝ።

አላጋለጥኩሽም። እንዲያውም እሁድ እሁድ መምጣት ጀመርኩ። አንዳንዴ ትንፋሽሽን የት እንደምትወስጂ አሳይሽ ነበር፤ ዱቄቱንም አስተውኩሽ። ሾፌሩ "አምባሳደሩ ሰላም ይሉዎታል" እያለ ወንበር ይይዝልኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? ድምፄ ከእኔ ወጥቶ ጀበል ቤት የተከራየ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ የተናጋው ኦቻን ሲመጣ ነው። እዚህ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራው፣ እኛ አገር፣ ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ያደገው ልጅ። አማርኛው ከእኛ አይለይም፤ ሲደሰት ብቻ ዓረብኛው ይቀድመዋል። "ማማ ወርቅውሃ፣ ይሄን ዘፈን እናቴ በየምሽቱ ትሰማው ነበር። ሐሙስ ማሽን ይዤ መጥቼ እቀዳሻለሁ። ታማም?" አለሽ፤ እሺ አይደል? ማለቱ ነው። ረታ በደስታ እጁን አፋተገ።

አንቺ ግን በማግሥቱ ቡሉክ መጣሽ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። አልተቀመጥሽም።

"እሁድ እሁድ መዋሸት ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል" አልሽኝ። "ክር ላይ መዋሸት ግን አልችልም። ከእኛ በኋላ ይኖራል። እርስዎ ይዝፈኑት።"

"በዚህ ድምፅ? በር ሲከፈት ነው የሚመስለው። አንቺ ዝፈኚው። ግን እስከ መጨረሻው ዝፈኚው።"

"እስከ መጨረሻው ነው እኮ የምዘፍነው።"

"አይደለም" አልኩሽና ቢላዋውን አስቀምጬ ነገርኩሽ።

አሁንስ በቃኝና በሩን ዘግቻለሁ፤
ስትመጣ አታንኳኳ፣ ወንዝ ተሻግሬያለሁ።

"ይሄ የለም" አልሽ።

"አለ።"

"ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዘፈን ነው። የለም!"

"ሲና፣ ዘፋኟ እኮ እኔ ነኝ።"

ሮዳስ ከወዲያ ሳቀች። አንቺ አልሳቅሽም። እንድደግመው ጠየቅሽኝ፤ ደገምኩት።

"ታዲያ ደጅ ላይ ቆሜያለሁ የምትለው?"

"ልትሄድ ነዋ። ጓዟን ይዛ ነው የቆመችው። አክሊል እንደዚያ ነው የደረሰው።"

"ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም።"

የሽንኩርቱን ልጣጭ ከጠረጴዛው ላይ በጣትሽ ስትሰበስቢ ቆየሽ። ከዚያ "ልሂድ" አልሽኝ። ወደ ጀበል መስሎኝ "እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ" አልኩሽ። ያንን "ልሂድ" ስንት ጊዜ በጆሮዬ እንደምደግመው አታውቂም።

ሐሙስ ደርሼ ረታ ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ አገኘሁት። ክፍልሽ ባዶ ነው። ያን ሰሞን የእኛ ሰው ሕዝበ ውሳኔውን ፈርቶ፣ ጦርነት ይነሣል ብሎ በየአውቶቡሱ ይሳፈር ስለነበር፣ አንቺም ከፈሪዎቹ አንዷ ተባልሽ። እኔ ግን ነገሩ ሌላ መሰለኝ። ኦቻን ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

"እኔ እዘፍነዋለሁ" አልኩ።

"እማማ፣ እባክዎን" አለ ረታ። "ዛሬ ቀልድ የምችልበት ቀን አይደለም።"

"ማፊ ሙሽኪላ" አለ ኦቻን፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። "ማማም ትሞክር። ጄኔሬተሩን ግን አጥፉልኝ።"

ጠፋ። ግቢው ጸጥ ሲል ጆሮዬ ጮኸብኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ረታ "እግራቸውን ምን ሆኑ?" ሲል ሰማሁት። ዘፈንኩ። ድምፄ የት ቦታ እንደሚሰበር ስለማውቅ እዚያ ስደርስ ቀስ እላለሁ፤ ያም ሆኖ ተሰበረ። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ረታ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። እኔ ቀጠልኩ። ኦቻን ከማሽኑ ላይ ቀና አለ።

"ኸላስ?" አለኝ ስጨርስ። አበቃ? ማለቱ ነው።

"ኸላስ።"

ማሽኑን አላጠፋም። "እናቴ ዜናውን ትረግመው ነበር" አለ። "አባቴን ነበር የምትጠብቀው። ስንት ሰው ሊያገባት ጠየቃት መሰለሽ። ይሄን ሰምታው ቢሆን ኖሮ ሌላ አባት ይኖረኝ ነበር።" ሳቀና ወዲያው ተወው። "ስም?" አለኝ ከዚያ፣ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ። ነገርኩት። ረታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ ያስከፍለኝ ዘንድ ለምኜው እንቢ ብሏል።

ሲተላለፍ ሰዎች ወደ ጣቢያው ደወሉ። ያቺ አሮጊት ዘፈኑን አበላሸችው፣ የጀበሏን መልሱልን አሉ። ኦቻን እየሳቀ ሲነግረኝ እኔም ሳቅሁ። አንቺን መፈለጋቸው ግን ልክ ነው።

አሁን ወደ በድሉ ልምጣ።

ጀበል ደርሶ ሲና ብሎ ሲጠይቅ፣ እንዳልኩሽ፣ የሚያውቅሽ ጠፋ። ፎቶሽን አወጣ። አንዱ አስተናጋጅ "ይቺማ ወርቅውሃ ናት" አለው። ወርቅውሃ የት ናት ብሎ ሌላውን ሲጠይቅ "ቡሉክ፣ ሮዳስ ምግብ ቤት" አለው። ጢሙን ተላጭቶ፣ የታሸገ ጨርቅ ይዞ መጣ። ሮዳስ በር ላይ አነጋግራው ወደ ጓዳ ሮጠች። "አክስቴ፣ ነይ! ባል መጥቶልሻል!"

ሲያየኝ የሆነውን ብታዪ። ጨርቁን ወደ ጀርባው ደበቀ።

አስቀመጥኩትና ነገሩን አስረዳሁት። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር፣ መኪናው ተበላሽቶ እንደቆመ፣ ታሞም እንደነበር ነገረኝ። "ሌላ ነገርም ነበር" አለና ወለሉን አየ። አልጠየቅኩትም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "እየጠበቀችኝ እንደሆነ ግን አውቅ ነበር" አለኝ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ውሃ ልጠጣ የሄድኩ አስመስዬ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ። ስመለስ እንደተቀመጠ ነበር።

"የት እንዳለች ያውቃሉ እናቴ?"

"አውቃለሁ።"

"ይንገሩኛ።"

"አልነግርህም። እጽፍላታለሁ። ከፈለገች እሷ ትነግርሃለች።"

"ደብዳቤ? በዚህ ዘመን? ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አንድ ቃል ከሩምቤክ ጁባ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅማ አንተ ነህ የምትነግረኝ" አልኩት።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ተቆጥታለች?" አለኝ።

"እኔ ሳያት አልተቆጣችም። ሄደች እንጂ።"

ይህንንም ልጻፍልሽ፤ ባልጽፈው የእኔን ባል ጥፋት በአንቺ ሰው ላይ መጫን ይሆንብኛል። ከስቷል። ፎቶሽን የያዘው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥጎቹ አልቀው ክብ ሆነዋል። እንዲህ የሚያልቀው ሰው ደጋግሞ ሲያወጣው ነው። ሲሄድ ጨርቁን ላንቺ ብሎ ትቶታል፤ ሰማያዊ ነው፣ ሮዳስ ደህና ጨርቅ ነው ብላለች። እውነቱን ይናገር አይናገር አላውቅም። ያለሽበትን ልነግረው አፌ ላይ መጥቶም ነበር። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። እኔ በሬን ስከፍት ማንም ቀድሞ "መጥቷል፣ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ አልጠየቀኝም። አንኳኳ፤ ከፈትኩ። አንቺ ግን እያንኳኳ ያለውን ሰው ሳታይው፣ እሱም በሩን ሳያውቀው፣ ለብቻሽ ሆነሽ እንድታስቢበት ፈለግሁ። ካምፓላ ለዚያ ይበቃል።

ስለዚህ ሲና፣ ነይ አልልሽም፣ አትምጪም አልልሽም። ያን ስንኝ የነገርኩሽ ዘፈኑ እንዲሞላ ብዬ እንጂ የአንቺን ኑሮ ልደርስልሽ ብዬ አልነበረም። ብትመጪ መጀመሪያ ወደ እኛ ነይ፤ ሮዳስ ክፍል አዘጋጅታለች፤ ጀበል የምትሄጂው ስትፈልጊ ነው። ባትመጪም እዚያው ዝፈኚ፤ ስሙን ከፈለግሽው ውሰጂው፣ ለሁለታችን ይበቃል። ሲና ብለሽ ብትዘፍኚ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

መልሱን ለእኔ ጻፊልኝ። ቃልሽን ሳልለውጥ አደርስለታለሁ፤ እሺም ቢሆን፣ እንቢም ቢሆን፣ ገና አላወቅሁም ቢሆን። አትቸኩዪ። ዛሬ ጠዋት ሮዳስ በጀበል በኩል ስታልፍ አይታዋለች። በሩ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የካምፓላ አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚገባ አስተናጋጁን ይጠይቃል። አስተናጋጁ አንዳንዴ እንደሚዘገይ ነግሮታል።

እሱም ይልመደው።

የቡሉኳ ወርቅውሃ